ብቻዋን ለመሄድ እኔን ያስከተለችው ትርንጎ

ትርንጎን ልንቀብር ስንወጣ፣ ዕድሩ ያመጣው አይሱዙ ሬሳዋን ጭኖ ከግቢዋ እንደወጣ ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠው። እኔ ከኋላ ሳጥኑን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ሳጥኑም እኔም አብረን እንዘላለን። ታገስኩ፣ ታገስኩና በከዘራዬ የሾፌሩን ክፍል ጣሪያ ደበደብኩት። ልጁ ደንግጦ አቆመና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ይቺ ሴት ግን በሕይወቷ ከአርባ በላይ ነድታ አታውቅም። ሞተች ብለህ ታስደነብራታለህ?» አልኩት።

ከኋላ በእግሩ ይከተል ከነበረው ለቀስተኛ አንዳንዱ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ትርንጎን የሚያውቅ ሰው ለቅሶዋም ላይ ቢሆን መሳቁ አይቀርም። ሾፌሩ ከዚያ በኋላ የሄደው እንደ እሷ ነው። ባጃጅ ቀደመን፣ ጋሪ ቀደመን፣ እንጨት የተሸከመች አህያ ልትቀድመን ትንሽ ቀራት። እኔም ሳጥኑን መታ መታ አድርጌ «በቃ፣ አሁን በልክሽ ሆነ» አልኳት።

ትርንጎና እኔ በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታሞች ነበርን። እሷ ሉማሜ ተወልዳ፣ እኔ ይጁቤ ተወልጄ፣ ሁለታችንም ደብረ ማርቆስ ገብተን አረጀን። እሷ ተምራ የመንግሥት ሥራ ይዛ ገጠር ለገጠር እየዞረች ለባላገር ሴቶች የጓሮ አትክልት ስታስተምር ኖረች። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ተነስቼ አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ነኝ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ በመሥሪያ ቤት መኪና ስትሄድ ከኋላ ነበር የሚያስቀምጧት። ከፊት ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንድ ወንድ አለ፤ ወንድ ሲጠፋም የወንድ ቦርሳ አለ። «የሾፌር ማጅራት ሳይ አረጀሁ» ትል ነበር። «የአንደኛውንማ ከእናቱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

ጡረታ በወጣች ማግስት መንጃ ፈቃድ ካላወጣሁ ብላ ተነሳች። ሰፈሩ ሳቀባት። ፈተናውን ወደቀች፣ ደግማ ወደቀች። ፈታኙ እማማ ለምን አይተዉትም ቢላት፣ አንተስ ለምን አትተወውም ብላ መለሰችለት። በመጨረሻ እሱ ነው የተወው፤ አለፈች። መኪና ግን አልነበራትም። መንጃ ፈቃዷን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ክታብ ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞር ነበር።

መኪና ባይኖራትም መንዳቷን አላቆመችም። ባጃጅ ስንሳፈር ቀኝ እግሯ ወለሉን ይጫናል፤ ፍሬን መያዟ ነው። የባጃጁ ልጅ ሲታጠፍ እሷም ከኋላ ሆና በሁለት እጇ አየሩን ታጥፋለች። ይሄ አመሏ ከመኪና ውጭም ተከተላት። ማኅበር ተቀምጠን አንዱ ወሬ ሲያስረዝምባት ያቺ ቀኝ እግር መሬቱን ትጫናለች። እኔ አያታለሁ፣ እሷም እንዳየኋት ታያለች፣ ሁለታችንም ሳቃችንን ለመደበቅ ወደ ጠላችን እናጎነብሳለን። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ካየች ደግሞ፣ «ቀድሞ የደረሰ ወንበር ያገኛል እንጂ ዕድሜ አይጨመርለትም» ትላለች።

እኔን የምታበሽቀኝ በፍርዴ ነበር። በሰፈራችን ለፋሲካ በሬ ተጥሎ ቅርጫ ሲመደብ ወንዶቹ ይቆርጣሉ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መደቡን እቆጣጠራለሁ። አንድ ጊዜ በገዛ ወንድሜ መደብ ላይ የተጨመረች ቁራጭ ሻኛ አይቼ አንስቼ መልሻለሁ። ወንድሜ እስከ ጰራቅሊጦስ አኩርፎኛል። ትርንጎ ይህን እያነሳች፣ «አንቺ እኮ ዝንብም ቅርጫ ቢገባ መደቡን አታጎድዪበትም» ትለኝ ነበር። ስድብ አስመስላ ትናገረዋለች፤ እኔ ግን እንደ ምርቃት እቀበለዋለሁ።

ታዲያ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ አንድ የሁዳዴ ሰሞን፣ ከማድ ቤቷ ደጃፍ ወድቃ እግሯ ወለም አላት። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ያሻት ወጌሻም የሰፈራችን ሰው ነው። በሳምንቱ ደህና መራመድ ጀመረች። ወሬው ግን አዲስ አበባ ደረሰ። ልጇ ዳዊት ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ዳዊት ደግ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ደግነቱን እንደ ግዳጅ ማድረጉ ነው። ቤቱ ተከራይቶ እሷ አዲስ አበባ እሱ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኑር አለ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ እኔም በጎረቤትነቴ ተቀመጥኩ። ልጁ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ብቻሽን ነሽ።»

አጥሩ ይጠገናል ብትለው፣ ብቻሽን ነሽ። እግሬ ድኗል ብትለው፣ ብቻሽን ነሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎመን አይተከልም ብትለው፣ እሱስ ልክ ነው፣ ግን ብቻሽን ነሽ። የትርንጎ ቀኝ እግር ወለሉን ሲጫን አየሁ። ከዚያ ቀና አለችና፣ ብቻ መሆን ምን እንደሚያስፈራ ላሳይህ አለችው። በመጪው ቅዳሜ መኪና ተከራይቼ፣ ራሴ ነድቼ፣ አይቼው ወደማላውቀው ባሕር ዳር ሄጄ፣ አድሬ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ከእኔ ሌላ ሰው መኪናው ውስጥ አይገባም፣ ዘመድ ቤት አላድርም፣ መሪውንም ማንም አይነካልኝም። ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ከተመለስኩ ቤቴ ውስጥ ተወኝ። ካቃተኝ ሻንጣህን እሞላልሃለሁ።

ዳዊት ሳቀና እሺ አለ። ለእሷ መኪና የሚያከራይ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አይገኝም ብሎ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነውና፣ ከከተማ ወጥተሽ ሰው ብትጭኚ ማን ያውቃል ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

«አልጋነሽ ትፍረድ።»

እኔም በሚኒባስ እየተከተልኩ ብቻዋን መሆኗን እመሰክራለሁ አልኩ። አንዲት ሴት ብቻዋን መሆኗን ለማረጋገጥ ሌላ ሴት መከተሏ ከተቀመጥነው ሁሉ ለአንዳችንም እንግዳ አልሆነብንም። ምስክር የሌለው ነገር በእኛ አገር ነገር አይደለም።

ዳዊት ግን ስለ መኪናው ተሳስቶ ነበር። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ስለዚህ ጋሽ ሙላት የሚባል ሰው ለሙሽሮች የሚያከራያት ነጭ አውቶሞቢል ሥራ ፈታ በራፉ ላይ ቆማለች። «መኪናዬም ትጾማለች» ይል ነበር። ትርንጎ ለፋሲካ ያደለበቻቸውን ሁለት በጎች በመያዣ ሰጠችውና ተስማሙ። ያልተስማሙት በአንድ ነገር ነው። በመኪናዋ ኮፈን ላይ ቀይና ነጭ የላስቲክ አበባ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ቬሎ የለበሰች የሙሽራ አሻንጉሊት በማስቲሽ ተጣብቀዋል። አንሳልኝ ብትለው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርግ ይጎርፋል፣ ደግሜ የምለጥፍበት ጉልበት የለኝም ብሎ እምቢ አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ሰው ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ሁለቴ አያስብም ነበር። ግን ብቻዬን እሄዳለሁ ማለትን ማን ይሰማል? አንዱ ለእህቱ ድንች አመጣ፣ አንዷ ለልጇ ሽሮ አመጣች፣ ከታች ሰፈር ያለች ሴት ደግሞ ለፋሲካ ትድረስላት ብላ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛ መጣች። ድንቹንም ሽሮውንም ከለከልኩ፣ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ምሳ ብላ መባሉ አይቀርምና። በዶሮዋ ግን ክርክር ተነሳ። ሴትዮዋ ዶሮ ሰው አይደለችም አለች። እኔ ነፍስ ያለው ነገር አብሮ አይሄድም ብዬ ፈረድኩ። ዳዊት ታዲያ አሻንጉሊቷስ ሲል፣ ነፍስ የላትም፣ ትሂድ አልኩ። ፍርድ ማለት ለዶሮም ለአሻንጉሊትም እኩል ማየት ነው።

ትርንጎ ተሳለመች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ጥሩምባዋን ነፋችና ተነሳች። እኔም ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ችግሩ የመጣው ወዲያው ነው። አማኑኤል ሳንደርስ ሚኒባሱ ትርንጎን አልፏት ሄደ። ተከታይ ተብዬ ቀዳሚ ሆንኩ። ደምበጫ ላይ ወራጅ ብዬ ወረድኩና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። በመጨረሻ ነጯ መኪና ከነአበባዋ ስትመጣ፣ ብቻዋን መሆኗን አይቼ በከዘራዬ እለፊ አልኳት። እሷም እንደማታውቀኝ ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች። ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ፣ እሱም አለፋት፣ ጂጋ ላይ ወረድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ እሷ አንድ መኪና ነድታ የሄደችውን መንገድ እኔ በተለያየ መኪና ተቆራርጬ ደረስኩ። ረዳቶቹ እማማ የሚፈልጉት ቦታ የት ነው ሲሉኝ፣ ገና አልመጣም እላቸዋለሁ።

በየመንገዱ ያለው ሰው ግን ግራ ተጋባ። ጂጋ ላይ ገበያ የወጡ ሴቶች አበባውን አይተው እልልታቸውን ጀመሩና፣ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ግማሹ ላይ ዋጡት። እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም፤ ስቅታ የያዘው ይመስላል። አንድ ሽማግሌ አማተቡና፣ «በጾም የምታገባው ማን ናት?» አሉ። መኪናዋ ቀርባ ብቻዋን መሪ የያዘች አሮጊት ባዩ ጊዜ ደግሞ እንደገና አማተቡ።

ባሕር ዳር ስንደርስ የከተማው አደባባይ ጉድ አደረጋት። ገባች እንጂ መውጫው ጠፋባት። ሁሉንም ታሳልፋለች፣ አንዱን አሳልፋ ስታበቃ ሌላው ይመጣል፣ እሱንም ታሳልፋለች። እኔ ዘንባባ ሥር ቆሜ አያታለሁ። ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ዞረች፣ ዞረች፤ ስንት ጊዜ እንደዞረች መቁጠሩን ተውኩት። በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ዓይኗ ወደ እኔ ይመጣል። በዚህ በኩል ውጪ ብዬ አንድ ቃል ብተነፍስ ያልቅ ነበር። ዳኛ ነኝና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ዝም አልኩ። በመጨረሻ የትራፊክ ፖሊሱ አስቆማትና፣ እማማ ወዴት ነው ብሎ ጠየቃት።

«ወደ ውጭ» አለችው።

እጁን ዘርግቶ ሌሎቹን አቆመላትና ወጣች። መንገድ መጠየቅ የሰው ወግ ነው ብዬ አሳለፍኩት።

ያገኘችው ሆቴል ውስጥ እኔም ክፍል ያዝኩ። ለራት አብረን ብንቀመጥ ብቻዋን መሆኗ ይቀራልና እሷ አንድ ጠረጴዛ፣ እኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጥን። ትርንጎ አስተናጋጇን ጠራችና የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ልጅቷ ወደ እኔ መጥታ፣ እዚያ ያሉት እናት ነጠላዎን ገልብጠው ነው የለበሱት ብለዋል አለችኝ። ጉዳዩ በፍርድ ላይ ያለ ሰው ዳኛ አያናግርም በያት ብዬ መለስኳት። ልጅቷ ሄዳ ተመልሳ፣ «ዳኛዋ አገጫቸው ላይ ሽሮ አለ ብለዋል» አለች።

ይህ መልእክት ሲመላለስ ያዩ አንድ ጥምጣም ያሰሩ አዛውንት ከጥግ ተነሱ። ሁለት ሌሎች ሰዎችም አስከትለዋል። በሁዳዴ፣ ሁለት አሮጊቶች፣ ጀርባ ተሰጣጥቶ፣ በሰው እየተላላኩ ምግብ መብላት ነውር ነው አሉን። አልተጣላንም አልናቸው። ያልተጣላ ሰው እንዲህ አይቀመጥም አሉ። ውርርዱን አስረዳናቸው፤ ስለ አሻንጉሊቷም ነገርናቸው። ባስረዳናቸው ቁጥር ጠባችን የከፋ እየመሰላቸው ሄደ። አዛውንቱ ታርቃችሁ ካልተሳሳማችሁ እዚህ ቆሜ አድራለሁ ብለው ከዘራቸውን ተደገፉ። ምን ይደረግ፣ ተነስተን ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አዳራሹ አጨበጨበ። ትርንጎ ጆሮዬ ሥር፣ «ሳንጣላ ስታረቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለችኝ። እኔም ይህንን በልቤ መዘገብኩት። እውነት እውነት ነው፣ ለማንም አላጎድልም።

እሑድ በየፊናችን ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን ሐይቁ ዳር አቁማ አገኘኋት። አልወረደችም። መስኮቱንም በሩንም ከፍታ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ውሃውን ታያለች። ከፊቷ የማንም ማጅራት የለም፤ ውሃ ብቻ ነው። እኔ ርቄ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ቀኝ እግሯን በተከፈተው በር አየሁት፤ ምንም አልተጫነም፣ እንዲሁ አርፏል። ጣና ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ሐይቁን ሳላየው ተመለስኩ ማለት ይቻላል።

መመለሻው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ደምበጫን አልፈን ወደ አማኑኤል ስንቃረብ፣ ከሚኒባሱ መስኮት ላይ የትርንጎን መኪና ሰው ከቧት ቆማ አየሁ። ከሐይቁ ዳር ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነበር። ልቤ ደነገጠና ወራጅ አልኩ፤ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። ስቀርብ ከበዓል የሚመለሱ ባላገሮች ናቸው። አንድ ቄስ ከፊት ሆነው በሁዳዴ ሠርግ እንዴት ይደፈራል እያሉ ይቆጣሉ። ትርንጎ ከመሪዋ ሳትነሳ፣ «አባ ይፍቱኝ፣ የበደለችው መኪናዋ ናት እንጂ እኔ ጾመኛ ነኝ» አለቻቸው። ቄሱ አጎንብሰው ውስጡን አዩ። ባዶ ወንበር ነው። አሻንጉሊቷን አዩ። ሳቁ፣ እሷንም መኪናዋንም በመስቀላቸው ባረኩና ሰዉ ተበተነ።

እኔና እሷ መንገድ ላይ ቀረን። ሚኒባስ የለም። ከወደ ጮቄ በኩል የነበረው ጥቁር ደመና ላያችን ላይ ደርሶ ማንጠባጠብ ጀመረ። ትርንጎ የጎን በሩን ከፈተችው።

«ግቢ።»

«አልገባም። ከገባሁ ትረቻለሽ።»

«ልረታ። ግቢ፣ ዝናብ ነው።»

«ቤትሽ ነው እኮ የሚሄደው።»

«አውቃለሁ። አንቺን በዝናብ ትቼ የማድንበት ቤት ምን ያደርግልኛል? ግቢ አልኩሽ።»

ተናደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ይቺን የምታህል ሴት ስንት አገር አቋርጣ፣ አደባባይ አልፋ፣ ጠብ የሌለበት ዕርቅ ታርቃ፣ ቤቷ ሊደርስላት ሲል ለእኔ ደረቅ ነጠላ ብላ ልትጥለው? በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁባትና በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። ጃንጥላዋን በመስኮት ዘረጋችልኝ፤ ከተሟጋች ዕቃ አልቀበልም፣ ጉቦ ነው አልኳት። አልፋኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። መኪና እንዳይገጨኝ ብላ ከኋላዬ ሆና አራቱንም ፍሬቻ እያበራች፣ በእኔ እርምጃ ልክ ትከተለኝ ጀመር።

እንግዲህ አስቡት። ከፊት ነጠላዋን ተከናንባ በዝናብ የምትራመድ አንዲት አሮጊት፣ ከኋላዋ አበባ የለበሰች ነጭ መኪና እያብለጨለጨች በዝግታ ትከተላለች። በየደጁ ያለው ሰው ወጣ። ሙሽራዋ በእግሯ የምትሄድበት ሠርግ ነው የመሰላቸው። የቆመው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እኔ እየሄድኩ ግትር ብዬ እሰድባታለሁ፣ እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ከማን ተምሬው ትለኛለች። አማኑኤል ደርሼ ሚኒባስ እስካገኝ ድረስ ስንሰዳደብ ሄድን። በእውነት ለመናገር፣ ደስ የሚል መንገድ ነበር።

ቤት ስደርስ ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ዳዊት ስልኩን ይዟል፣ ባዶው ሻንጣ መካከል ላይ ነው። ትርንጎ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ዳዊት ስልኩን ወደ እኔ አዞረና፣ «እትዬ አልጋነሽ፣ ይኸው እርስዎ። ታዲያ ብቻዋን ነበረች ማለት ይቻላል?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀው።

እርጥብ ነጠላዬን አራግፌ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው ውስጥ አልገባሁም ማለት እችል ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ግን ወንድሜን ሻኛ የነጠቅኩ ሴት ለጎረቤቴ ስል ቁራጭ እውነት አልጨምርም።

«ብቻዋን አልነበረችም» አልኩ። «እኔ ነበርኩ። ራት ላይ ተላልከናል፣ ሳንጣላ ታርቀናል፣ ከደምበጫ ወዲህ አማኑኤል እስክንደርስ ስንሰዳደብ ነው የመጣነው። ትርንጎ ተረትታለች።»

 የትርንጎ ቀኝ እግር ወለሉን ተጫነው፣ ተጫነው። ከዚያ ለቀቀችው። ፍርዱ ልክ ነው አለች፣ ድምጿም አልተለወጠም። ተነስታ ሻንጣውን ከፈተችና መጀመሪያ ያስገባችው የጎመን ዘር የቋጠረችበትን ጨርቅ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የት ልትዘራው እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

«ተቀመጪ፣ አልጨረስኩም» አልኳት። «ዳዊት፣ እናትህን ልትወስድ የመጣኸው ለምንድን ነው?»

«ብቻዋን ስለሆነች ነዋ።»

«ይቺ ሴት ብቻዋን ልትሆን ሁለት ቀን ሙሉ ለፋች። በመኪና ሸሸች፣ አገር አቋረጠች፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄደች፤ አልቻለችም። በአንተው ስልክ ይኸው ማስረጃው። እዚያ ድረስ ሄዳ ያቃታትን ብቸኝነት፣ እዚህ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ሆና ከየት ታመጣዋለች? እሷ ውርርዱን ተረትታለች። አንተ ደግሞ ክርክሩን ተረትተሃል።»

 ዳዊት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ አንዳቸውም አላዘኑለትም። ስልኩን ደግሞ አየው፣ እኔ በዝናብ ስሄድ፣ እናቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ስትሰድበኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሻንጣውን ዘግቶ ከነጎመን ዘሩ አልጋ ሥር ገፋው። በመያዣ የተያዙትን በጎች ሊያስመልስም ወደ ጋሽ ሙላት ቤት ሄደ።

ትርንጎ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ኖራ በዚያው አልጋዋ ላይ ሞተች። ሠርግ በሌለበት በየሁዳዴው ያቺን መኪና ተከራይታ ሉማሜ ደርሳ ትመለስ ነበር። ሁልጊዜ የጎን በሩን ትከፍትና ግቢ ትለኛለች። እኔ ፍርድ ሰጥቼበታለሁ እያልኩ እምቢ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍርዱ ይልቅ አነዳዷን ነበር የምፈራው።

የቀብሯ ዕለት ሴቶቹ ከእኛ ጋር በእግርሽ ነይ፣ አይሱዙ ላይ እንዴት ትወጫለሽ አሉኝ። አሁን ውርርድ የለም አልኳቸውና ከዘራዬን አስቀድሜ ወደ ላይ ወርውሬ፣ በሰው ተገፍቼ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መኪናው በዝግታ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆም ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀኝ እግሬ ነው፤ ከቤቷ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ የአይሱዙውን ወለል ተጭኖ ኖሯል።